ሲባጎው ወይስ ማሽኑ?

መሪው ወደ አንድ ወገን እየጎተተ፣ የፊት ጎማው በውስጥ በኩል ብቻ እየተበላ ሲያስቸግር የጀሞና የለቡ ባለመኪና ሁለት መንገድ አለው፤ አላይመንት ቤት መሄድ ወይም ግቢው ውስጥ ሲባጎ ወጥሮ ራሱ መለካት። ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከሉ ወዲህ፣ እጃችን ላይ ያሉት ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ጎማው ተወደደ።

ሲባጎ የሚመርጡት እውነት አላቸው። መካኒኮች ‹ቶ› የሚሉትን፣ የጎማውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር ለመለካት ውድ መሣሪያ አያሻም። በመኪናው ግራና ቀኝ፣ በጎማው መሐል ቁመት ሲባጎ ይወጠርና ከቸርኬው የፊትና የኋላ ጠርዝ እስከ ሲባጎው ያለው ርቀት ይነበባል። ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት 0.15 ዲግሪ ያህል ነው። ያቺ ታህል ጥመት ጎማውን በየኪሎ ሜትሩ 2.6 ሜትር ያህል ወደ ጎን ታስፍቀዋለች። ጥንቃቄው ግን ብዙ ነው። የግራና የቀኝ ጎማዎች ርቀት ከፊትና ከኋላ በብዙ መኪኖች እኩል ስላልሆነ ሲባጎው ጎማ አስነክተው የሚወጥሩት አይደለም፤ ሁለቱ ሲባጎዎች ከፊትም ከኋላም እኩል ተራርቀው መኪናው መሐላቸው መዋል አለበት። ቸርኬው ጠማማ ሊሆንም ስለሚችል ጎማውን ግማሽ ዙር አንከባሎ፣ ደግሞ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ነው።

ካምበር ላይ ሚዛኑ ወደ ማሽኑ ያጋድላል። ካምበር የሚባለው የጎማው ማዘንበል በውሃ ልክ ይለካል፤ መሬቱ ነው የሚያታልለው። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ግቢው 1 ሳንቲ ሜትር ቢያዘቀዝቅ 0.4 ዲግሪ ያህል ስሕተት ይገባል፤ የዝናብ ውሃ እንዲፈስ የተነጠፈ ግቢ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊያዘቀዝቅ ይችላል። ካስተርን፣ ማለትም ጎማው ሲጠመዘዝ የሚዞርበትን ዘንግ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዘንበል፣ ከነጭራሹ ቤት አልሞክርም።

ማሽኑም ቢሆን የመሪ ዘንጉ መጋጠሚያ ቴስቲናው ከላላ፣ የማያያዣው ላስቲክ ቦኮላው ካለቀ የዛሬ ንባቡ ነገ ጉድጓድ ላይ ይለወጣል። ስለዚህ ቶውን ግቢ ለክቶ፣ ጽፎ ይዞ መሄድን እደግፋለሁ። ቁጥር የያዘ ደንበኛ ‹ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ንባብ ያሳዩኝ፣ ቴስቲናውንም ቀድመው ይዩልኝ› ለማለት አቅም ያገኛል። ማስተካከሉ ግን የባለሙያው ይሁን፤ ቴስቲናው በሁለቱም ወገን በልኩ ካልዞረ ቶው ቢስተካከልም መሪው ጠሞ ይቀራል።