በዝምታ የሚታረም ስህተት

“በድረ ገጽ የወጣ ዜና ስህተት ከተገኘበት ዝም ብሎ ማስተካከል ይበቃል፤ የእርማት ማስታወሻ አንባቢን ያደናግራል፣ የተቋሙንም ስም ያጎድፋል” የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብን። ድንቅ ነው! ጠዋት “ሞተ” የተባለ ሰው ከሰዓት በኋላ ያለ አንዳች ማብራሪያ ከሞት ሲነሳ አንባቢ አይደናገርም ማለት ነው? ጠዋት ያነበበው ተመልሶ ላያየው ይችላል፤ የተሳሳተው ቅጂ ግን በቴሌግራም መዞሩን አያቆምም። የፊደል ግድፈት መልቀም ሌላ፣ ስምና አኃዝ መቀየር ሌላ።

ስም ያጎድፋል ለተባለው፣ ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ1853 ሰለሞን ኖርዘፕ የተባለን ሰው ስም አሳስቶ ጽፎ በ2014 በይፋ አርሟል። ከ161 ዓመት በኋላ! በዚህ የተዋረደ የለም። አዘጋጆች ሆይ፣ ምን እንደቀየራችሁና መቼ እንደቀየራችሁት እዚያው ጽሑፉ ላይ ጻፉ።