ስለ ሾላው የሳሙራይ ጨዋታና ስለ ከሳሾቹ

በሾላ ገበያ፣ ከቅቤ ተራው ጀርባ ከተደረደሩት የቆርቆሮ ሱቆች በአንደኛው ጓዳ ውስጥ፣ ስድስት ወጣቶች እሑድ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ እየተሰበሰቡ 9 ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋታ ሲጫወቱ ኖረዋል። ጨዋታው እስከ ዛሬ አላለቀም። እኔም ላለፉት ሁለት ዓመታት ከበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ የምመለከት ታዛቢያቸው ነኝ። በቅርቡ በእነዚህ ወጣቶች ላይ ሁለት ክስ ስለ ተሰነዘረባቸውና መልስ የሰጠላቸው ሰው ስለሌለ፣ መልሱን እኔ ለመስጠት ተነሥቻለሁ።

የመጀመሪያው ክስ እንዲህ ነው። የክረምቱ ጎርፍ ጓዳውን ስላጥለቀለቀው፣ ወጣቶቹ ከአንድ የአካባቢው አዳራሽ ለእሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ጠረጴዛ እንዲፈቀድላቸው በማመልከቻ ጠየቁ። ኃላፊው በእጃቸው ዳይስ አይተው ኖሮ «እዚህ ቁማር አይፈቀድም» ብለው መለሷቸው። ሁለተኛው ክስ የመጣው ከእኛው መንደር፣ ከከያንያን ወገን ነው። ነገሩን በአንድ የሙያ ባልደረቦች ስብሰባ ላይ ባነሣው፣ በሥራው የማከብረው አንድ የተውኔት ሰው «ቁማርስ ባይሆን፣ የኢትዮጵያን ልጅ ከሳሙራይ ጋር ምን አገናኘው? ይህ የባህል ወረራ ነው» አለ። በስብሰባው የነበሩትም አብዛኞቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ከሳሾቹ ሁለቱም ጨዋታውን አንድም ቀን ቁጭ ብለው አላዩትም።

እንግዲህ ላላየው አንባቢ ላስረዳ። ጨዋታው ሰሌዳ የለውም፤ አሸናፊም የለውም። ከስድስቱ አንዱ አጫዋች ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ የገጸ ባሕርዩም ጉልበት፣ ችሎታና ክብር በአንድ ወረቀት ላይ በቁጥር ተጽፎ ይቀመጣል። አጫዋቹ «ሌሊት ነው፤ ድልድዩ ላይ ፋኖስ የያዙ ሁለት ሰዎች ቆመዋል» ሲል፣ ባለ ገጸ ባሕርዩ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደሚናገር ይወስናል። ውጤቱ አጠራጣሪ በሆነበት ቦታ ብቻ ባለ 10 ገጽ ዳይስ ይጣላል። ሰይፍ የተማረ ሰው ለምሳሌ 7 ዳይስ ጥሎ ከመካከላቸው 3ቱን ይመርጥና ይደምራል፤ ድምሩ አጫዋቹ ካስቀመጠው ቁጥር፣ 15 ወይም 20 ከሆነው፣ ከደረሰ ሰይፉ ያርፋል። 10 የወጣለት ያንኑ ዳይስ ደግሞ ጥሎ ይጨምርበታል፤ ስለዚህ ደካማውም አንዳንድ ቀን ጀግናውን ይጥላል።

ታዲያ የትኛው ነው ቁማሩ? በጠረጴዛው ላይ ሳንቲም የለም። የሚሸነፍ ሰው የለም፤ የሚያተርፍም የለም። አንድ ነገር ግን ይጠፋል፤ ይኸውም የሞተ ገጸ ባሕርይ አይነሣም። በ9 ዓመት ውስጥ 4 ገጸ ባሕርያት ሞተዋል፤ አንደኛው ተጫዋች ለሥራ ወደ ጅዳ ሲሄድ ደግሞ የያዘው ሳሙራይ ሰይፉን አስረክቦ ገዳም ገባ። ይህ ሁሉ በ11 ደብተሮች ተጽፏል። በሦስተኛው ዓመት የተሰጠ ቃል በስምንተኛው ዓመት ዕዳ ሆኖ ሲመጣ፣ አንዱ ወጣት ደብተር ቁጥር 4ን ገልጦ «ብለሃል፤ ቀኑ ይኸው» ሲለው አይቻለሁ። የተውኔት ጸሐፊ ነኝና በቅናት እናገራለሁ፤ በመድረኮቻችን ላይ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚፈጸመው ንስሐ ይህን ያህል አይከብድም።

ወደ ሁለተኛው ክስ ልለፍ። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በአሜሪካ ባዘጋጁት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። ወደ ሳሙራይ ዓለም ከተሻገሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. የ1979ኙ «ቡሺዶ» ሲሆን፣ የሾላዎቹ የሚጫወቱት ግን እ.ኤ.አ. በ1995 በካርታ ጨዋታነት ተጀምሮ በ1997 በገጸ ባሕርይ ጨዋታነት የወጣውን «ሌጀንድ ኦቭ ዘ ፋይቭ ሪንግስ» ነው። አገሩ ሮኩጋን ይባላል፤ በምድር ላይ የለም። የአንበሳ፣ የጊንጥ፣ የሸርጣንና የዘንዶ ጎሣዎች የሚፋጁበት ይህ ግዛት የአሜሪካውያን ምናብ የፈጠረው ነው። የምሥራቁን ዓለም በዚህ ዓይነት መጻሕፍት እንደ ጌጥ መጠቀምን የእስያ ተወላጅ የሆኑ ተጫዋቾች ራሳቸው አጥብቀው ተችተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» አሳታሚ በቀድሞ መጻሕፍቱ ሽያጭ ላይ የማስጠንቀቂያ ቃል ለማስፈር ተገዷል። ስለዚህ ወራሪ ካለ ባልደረባዬ የጠቆመው አድራሻ ስሕተት ነው። ጃፓን በዚህ ጉዳይ ተከሳሽ አይደለችም፤ ምናልባት ከባለ አቤቱታዎቹ ወገን ናት።

ይህም ብቻ አይደለም። ጃፓንን በምናቡ የቀረጸ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሾላው ልጅ ነውን? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጠየቁ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችንም እ.ኤ.አ. የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ የተረቀቀ ነው። አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። እኒሁ ሰው «ፋቡላ»ን፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት፣ የጻፉ መሆናቸውን ባልደረባዬ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። የተውኔታችን አባት ከጃፓን ሕግ ሲወስዱ ወረራ ያልተባለ፣ የገበያ ልጅ ጨዋታ ሲጫወት ወረራ የሚባለው ስለ ምንድን ነው?

እርግጥ ነው፣ የአባቶቻችን ጃፓንም በከፊል የምናብ አገር ነበረች። ኅሩይ ሲደርሱ ሳሙራዮች ሰይፍ እንዳይታጠቁ በአዋጅ ከተከለከሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1876 ወዲህ፣ 55 ዓመት አልፎ ነበር። ይህች ወዳጅ የተባለች አገር በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ አውቃ ተቀበለች። ኅሩይም በ1931 ዓ.ም. በስደት እንዳሉ እንግሊዝ አገር ዐረፉ። ይህን የማነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ከሌላ አገር የሚመጣ ነገር ሁሉ ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ መመርመር እንዳለበት ለማስታወስ ነው።

እነሆ፣ ከወጣቶቹ ጋር ያለኝ ጠብም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። እነርሱ ሲከሰሱ «ጨዋታ ብቻ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ይህን መልስ አልቀበለውም። በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ደራሲው ሕጉ ነው። ሕጉ ለሰይፍ 20 ገጽ፣ ለእርሻ ግን አንዲት አንቀጽ የሰጠ እንደሆነ፣ ተጫዋቹ ምንም ያህል ቅን ቢሆን ታሪኩ የሰይፍ ታሪክ ሆኖ ይቀራል። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ተመልከቱ፤ የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ መሆኑን ይደነግጋል፤ የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን አባላት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ። ባላገሩ በዚያ ወረቀት ላይ የሚጥለው ዳይስ አልነበረውም። በሮኩጋንም የለውም።

ወጣቶቹ ይህን ሳይነግራቸው የተረዱበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም የትርጉም ሥራቸው ነው። መጽሐፉ ለገጸ ባሕርዩ በሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንደኛው ውስጣዊ ነው፣ ሌላው በሰው ዘንድ ያለው ስም ነው። መጀመሪያ «ክብር» እና «ዝና» ብለው ተረጎሟቸው። ለሦስት ዓመት ያህል በዚሁ ተጫወቱ፤ አልሠራም። ዝና ያለው ሰው ዝናውን ፈልጎት ያመጣዋል፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ግን ገጸ ባሕርያቱን የሚያስጨንቃቸው፣ ሌሊት ከቤት የሚያስወጣቸውና ያልወደዱትን ድግስ የሚያስደግሳቸው ኃይል ሌላ ነበር። በደብተር ቁጥር 5 ላይ «ዝና» ተሰርዞ በቀይ እስክሪብቶ «ይሉኝታ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታው ተለወጠ። ክብሩ 4 ይሉኝታው 1 የሆነ ሰው እውነት ተናግሮ ከጎሣው ይጣላል፤ ክብሩ 1 ይሉኝታው 4 የሆነው ደግሞ ሁሉን አስደስቶ ሁሉን ይሸጣል። ስለ ይሉኝታ የተጻፈ ብዙ ድርሰት አንብቤአለሁ፤ እንዲህ በሁለት ቁጥር ልቡን ያሳየኝ ግን አላጋጠመኝም።

ሌላም ሕግ ለውጠዋል። የቃል ክርክር ሲነሣ ዳይስ መጣል ትተው በአባቶቻችን የተጠየቅ ሙግት ይዳኛሉ፤ በበልሃ ልበልሃ ሥርዓት እየተነሡ ይናገራሉ፣ በማር ወይም በፈረስ ይወራረዳሉ (ማሩም ፈረሱም ያለው በደብተር ላይ ነው)፣ ዳኛውም በዚያ ያለፈ ማንም ሰው ነው። ድሮም መንገደኛ ዛፍ ሥር ተይዞ ይዳኝ አልነበረምን? አንድ እሑድ የያዟቸው ዳኛ ከጎን ሱቅ ቅቤ የሚሸጡ እናት ነበሩ። አንድ የአንበሳ ጎሣ ሳሙራይ ለጌታው ክብር ሲል የአንድን መንደር የሩዝ ጎተራ አቃጥሏል። ተከራካሪው ለሩብ ሰዓት ያህል ስለ ቃል ኪዳንና ስለ ሞት አሳምሮ ተናገረ። እኔ ራሴ ላጨበጭብለት ዳዳኝ። እትዬ ግን ሚዛናቸውን በጨርቅ እየወለወሉ «ሩዙን ማን ነው የዘራው?» ሲሉ ጠየቁ። ማንም መልስ አልነበረውም፤ መጽሐፉ ውስጥ የዘሪው ስም የለም። «እንግዲያው ባለቤቱ ሳይጠራ ምን ፍርድ አለ፤ ጥሩትና እመለሳለሁ» ብለው ወጡ። ጨዋታው ለሁለት ሳምንት ቆመ።

ባልደረባዬ የባህል ጉዳይ ከልቡ የሚያሳስበው ከሆነ፣ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህን የሚመስል ሀብት እኛስ አጥተን ነው? የገና ዕረፍት ያገኘ የገጠር ልጅ ሁሉ «እንቆቅልሽ» ሲሉት «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ የጠፋበትም «አገር ስጠኝ» ይባላል። ሰጪው አገር ይጠራል፤ ተቀባዩ ያችን አልወድም ብሎ ሌላ ይጠይቃል፤ ያገኘ ጊዜ ግዛቱን እየተዘዋወረ በሰጪው ላይ ይቀልዳል። ከዚህ የበለጠ የምናብ ግዛት ምን አለ? ሰንጠረዣችንን እንይ፤ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ጽፈውለታል። ከዓለም ሰንጠረዥ የሚለየው በአከፋፈቱ ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የዚህ አከፋፈት ስሙ ወረራ ነው። ባልደረባዬ የጠላውን ቃል ለጨዋታ የሰጠነው እኛው ነን።

ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ ግን አውጫጭኝ ነው። ሌብነት ወይም ነፍስ ግድያ የደረሰበት አገር ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይታገዳል፤ ምስጢሩን የሚያወጣው ማንነቱ የተሸሸገ «ወፍ» ነው። እርሻው ይጠብቃል፣ ከብቱ ይጮኻል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠረጥራል፤ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ዝም ብሏል። ይህን የመሰለ ቅራኔ በአንድ ሥርዓት ተጠቅልሎ ተቀምጦ ሳለ፣ በሕግ አደራጅቶ ለጨዋታ ያቀረበው ከያኒ የለም። ወጣቶቹ ሮኩጋን የገቡት የእኛ ቤት ባዶ ሆኖባቸው አይደለም፤ በሩ ላይ ቁልፍ ይዘን የቆምነው እኛ አልከፈትነውም።

የማተሚያ ቤትንም ጉዳይ አንሥቼ ልለፍ። በጃፓን፣ በእውነተኛይቱ ጃፓን፣ እ.ኤ.አ. በ1986 «ኮምፕቲክ» የተባለ መጽሔት አንድ የወጣቶች ቡድን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን ሲጫወት የተናገረውን ቃል በቃል መዝግቦ በተከታታይ ማተም ጀመረ። ከዚያው መዝገብ «የሎዶስ ጦርነት» የተባለው በርካታ ቅጽ ያለው ልብ ወለድ ተወለደ። በሾላ 11 ደብተር በአማርኛ ተጽፎ በእርጥበት ጓዳ ውስጥ ይገኛል። ደብተር ቁጥር 2 በክረምቱ ጎርፍ ግማሹ ፊደሉ ፈስሷል። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ከተቀሩት 10ሩ አንዱን ቢመለከቱት፣ ለአንድ ዕትም የሚሆን ነገር እንደማያጡ እመሰክራለሁ።

አዳራሹ እስከ ዛሬ አልተፈቀደም። እኔም ከጠብ ወደ ሥራ ተጎትቻለሁ። ወጣቶቹ ከእትዬ ፍርድ በኋላ ተማክረው፣ ሳሙራይ ያልሆነ ገጸ ባሕርይ የሚያዝበት ሕግ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ፤ «ሲናገሩ ሰማን፤ እንግዲህ ይጻፉት» አሉኝ። በዘሪ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ከቤቴ ስወጣ የማያቸው ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ በየካ ዳገት የሚወርዱትን ሴቶች ነውና በእነርሱ ጀመርኩ። ሸክሙ ከጉልበት ላይ በየስንት እርምጃው ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ የደን ጠባቂ ሲመጣ ስንት ዳይስ እንደሚጣል፣ ገመዱ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን በአንድ ገጽ ጽፌአለሁ። ይሉኝታዋን 2 ሰጠኋት። በክብር ፊት ለፊት ያለው ቦታ ሦስት ጊዜ ተሰርዞ እስካሁን ባዶ ነው፤ እሑድ በስምንት ሰዓት ግን ወረቀቱን ይፈልጉታል።