ተመላላሽ ሕክምና የሚረክሰው ለማን ነው?

በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የታዘዘለት ሕመምተኛ አልጋ ይዞ ይታከማል፤ ሁኔታው ከፈቀደም ከቤቱ እየተመላለሰ ይወጋል። መድኃኒቱ በሁለቱም መንገድ ያው ነው። ሂሳቡን የሚያንረው አልጋው ነው። ከአልጋው ጋር የሌሊት ተረኛ፣ ምግብና አንሶላ አብሮ ይከፈላል። እንደ ሴፍትሪያክሶን ያለው መድኃኒት ደግሞ ለብዙ ሕመም በቀን አንድ ጊዜ ስለሚበቃ፣ ለአንዲት መርፌ ሃያ አራት ሰዓት መተኛት አክሳሪ ይመስላል።

ቁጠባው ምን ያህል ነው? በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ ከ2006 እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) በተመላላሽነት የተሰጡ 334 ሕክምናዎች ተሰልተው፣ ውጤቱ በ2009 ታትሟል። የተመላላሹ ወጪ ከዚያው ሆስፒታል የተላላፊ በሽታዎች ክፍል ጋር ሲነፃፀር 41 በመቶ፣ ከአገሪቱ አማካይ ዋጋ ጋር 47 በመቶ፣ ከዝቅተኛው የአልጋ ዋጋ ጋር ሲነፃፀር ግን 61 በመቶ ሆነ። አገልግሎቱ አንድ ሆኖ ሳለ ሦስት ቁጥር የወጣው የአልጋው ዋጋ ስለተለያየ ነው። እንግዲህ «በግማሽ ይቀንሳል» የሚል ሁሉ ከየትኛው አልጋ እንደሆነ ይጠየቅ።

ከዚህ በተጨማሪ ባዶ ሱቅም ኪራይ እንደሚከፈልበት ነጋዴ አይስተውም። የተለቀቀው አልጋ ለሌላ ሕመምተኛ ካልተሰጠ የነርሷ ደመወዝና የሕንፃው ወጪ ባለበት ይቀጥላል። ሆስፒታሉም ያተርፋል የተባለውን አያገኝም።

ዋናው ጉዳይ ግን ከፋዩ ማን ነው የሚለው ነው። በአሜሪካ ሜዲኬር የተሰኘው የመንግሥት መድን አረጋዊው ሆስፒታል ሲተኛ ወጪውን ይሸፍናል፤ ቤቱ ሆኖ አንቲባዮቲክ ሲወስድ ግን የነርሱንና የመሣሪያውን ወጪ በአብዛኛው አይከፍልም። ስለሆነም ለአገር ርካሽ የሆነው መንገድ ለሕመምተኛው ውድ ይሆንበታል። በአዲስ አበባም ተመላላሹ የትራንስፖርቱን፣ ከሥራ የቀረበትንና የአስታማሚውን ወጪ የሚችለው ከኪሱ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣ ከሆነ ማደሪያም ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ በሆስፒታሉ ደረሰኝ ላይ አይታይም።

በመሆኑም በዚህ ሥራ ገንዘባቸውን ሊያፈስሱ የሚያስቡ ባለሀብቶችና መድን ሰጪዎች የመርፌውን ሳይሆን የሙሉ ሕክምናውን ዋጋ ይተምኑ። የነርስ ጉብኝት፣ የላቦራቶሪ ክትትልና ሕመሙ ቢብስ ተመልሶ የመተኛት ወጪ በአንድ ጥቅል ይግባ። አለዚያ ተቆጠበ የሚባለው ገንዘብ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ከመዞር አያልፍም።