ተጠባባቂው የሚመረጠው ዋናው ሳይወድቅ ነው

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖረው ወገናችን ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ልጆቻችን እሁድ እሁድ ቴሌቪዥን ላይ ተተክለው የሚከታተሉት የአሜሪካ ፉትቦል ግን ለብዙዎቻችን ዛሬም እንቆቅልሽ ነው። "በእጅ ተይዞ የሚሮጥ ኳስ ደግሞ ምን ኳስ ነው?" የሚል ወላጅ ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ የአካባቢያችን ቡድን ኮማንደርስ በ2025 የውድድር ዘመን የገጠመው ነገር ከስፖርትም ያለፈ የአመራር ጥያቄ ስለሆነ፣ ዛሬ ልንመለከተው ወደድን። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፤ ለመሆኑ አስተማማኝ ተጠባባቂ እንዴትና መቼ ይመረጣል? (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት እንበል። ራኒንግ ባክ የሚባለው፣ ኳርተርባኩ ኳሷን በእጁ ሲያስረክበው ታቅፎ በተከላካዮች መካከል ሰንጥቆ የሚሮጠው ተጫዋች ነው። በአንድ ጨዋታ 15 እና 20 ጊዜ ኳስ ይዞ ይሮጣል፤ በእያንዳንዱ ሩጫ ማለት ይቻላል ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ይወድቁበታል። ስለዚህ ይጎዳ ይሆን ወይ ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። መጠየቅ ያለበት በተጎዳ ዕለት ማን ይተካዋል የሚለው ነው።

ዋሽንግተን ምን አደረገ?

ኮማንደርስ በ2024 ሁለት ልምድ ያላቸው ሯጮች ነበሩት። ብራያን ሮቢንሰን በዚያ ዓመት 799 ያርድ ሮጦ 8 ተችዳውን አስቆጥሯል። ኦስቲን ኤክለር ደግሞ የተወረወረ ኳስ በመቀበል የታወቀ አንጋፋ ነው። በኦገስት 2025፣ ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ የቡድኑ ኃላፊዎች ሮቢንሰንን ለሳንፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ አሳልፈው ሰጡ። በምትኩ ያገኙት የ2026 ድራፍት አንድ የ6ኛ ዙር ምርጫ ነው። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ሴፕቴምበር 11፣ ቡድኑ ግሪን ቤይ ሄዶ ሲጫወት ኤክለር የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። የውድድር ዘመኑም በዚያው አበቃ።

ሸክሙ በ2025 ድራፍት በ7ኛው ዙር፣ በ245ኛ ተራ የተመረጠው ወጣቱ ጃኮሪ ክሮስኪ-ሜሪት ትከሻ ላይ ወደቀ። ይህ ወጣት በ2024 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የተጫወተው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። እውነቱን ለመናገር ልጁ አላሳፈረም። ኦክቶበር 5 ቀን በሎስ አንጀለስ ቻርጀርስ ላይ 111 ያርድ ሮጦ ሁለት ተችዳውን ሲያስቆጥር ብዙዎች "አገኘን!" ብለው ነበር።

ስምንት ቀን ቆይቶ ቺካጎ መጣ። ዋሽንግተን 24 ለ 22 እየመራ፣ ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ኳርተርባኩ ጄይደን ዳንኤልስ ለክሮስኪ-ሜሪት ኳሷን ሲያስረክብ በመካከላቸው ወደቀች። ቺካጎ አነሳት፤ ሰዓቱ ሲያልቅም በእግር መትቶ 25 ለ 24 አሸነፈ። በመዝገብ ላይ ስህተቱ የተጻፈው በኳርተርባኩ ስም ነው፤ ወጣቱን መወንጀልም ተገቢ አይደለም። ግን ልብ ይበሉ፤ ኳስ መስጠትና መቀበል የሁለት ሰዎች መግባባት ነው። መግባባት ደግሞ በአንድ ወር አይገነባም።

ተስፋና እምነት ይለያያሉ

በእኛ ግምት የኃላፊዎቹ ስህተት ወጣቱን መምረጣቸው አይደለም። ስህተቱ ተስፋ የሚጣልበትን ተጫዋችና እምነት የሚጣልበትን ተጫዋች አንድ አድርገው ማየታቸው ነው። ተስፋ የሚጣልበት ሰው ነገ የሚያድግ ነው። እምነት የሚጣልበት ግን ዛሬ ማታ ዋናው ቢወድቅ ጨዋታው እንዳለ የሚቀጥልበት ሰው ነው። ቡድን ሁለቱም ያስፈልጉታል። አንዱን ሽጦ ሌላውን በሁለቱም ቦታ ማሠራት ግን ዕዳው ከባድ ነው።

ታዲያ እምነት የሚጣልበት ተጠባባቂ በምን ይታወቃል? ሦስት መለኪያዎችን እናስቀምጥ።

አንደኛው ኳስ አያያዝ ነው። አበው "አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው" ይላሉ። ተከላካዮችም የሚያዩት ይህንኑ ነው። አዲስ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚመቱት ኳሷን የያዘበትን ክንድ ነው። ተጠባባቂ 60 ያርድ ባይሮጥ ይቅርታ ይደረግለታል፤ ኳስ ጥሎ ቢመለስ ግን አሰልጣኙ ዳግመኛ አያምነውም።

ሁለተኛው ኳርተርባኩን መጠበቅ ነው። ይህ በጋዜጣ ሰንጠረዥ ላይ አይወጣም፤ ቁጥር የለውም። ተቃራኒው ቡድን ተጨማሪ ሰው ልኮ ኳርተርባኩን ለመጣል ሲመጣ፣ የሚመጣው ማን እንደሆነ በሴኮንድ ውስጥ አይቶ ደረቱን የሚሰጥ እሱ ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሯጭ ያርድ ብቻ አያሳጣም፤ የቡድኑን ውድ ተጫዋች ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል።

ሦስተኛው ዋናው ጤነኛ ሳለ ሥራ መያዙ ነው። አንድ ቡድን 53 ተጫዋቾች ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ተጠባባቂው ኳስ ከመሬት ሲመታ በሚገቡት ልዩ ቡድኖች ውስጥ መሥራት አለበት፤ በየጨዋታውም ጥቂት እውነተኛ ሩጫ ሊሰጠው ይገባል።

"ከመንገድ ይገኛል" ለሚሉ

አንዳንዶች "ሯጭ እንደሆነ ሞልቷል፤ ሲያስፈልግ እናመጣለን" ይላሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። በ2025 የአንድ ቡድን የደመወዝ ጣሪያ 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ብዙ ገንዘብ ማውጣት ያሳስባል። በ2018 መጨረሻ የሎስ አንጀለስ ራምስ ዋና ሯጭ ቶድ ገርሊ ሲጎዳ፣ ቡድኑ ሌሎች ያሰናበቱትን ሲ ጄ አንደርሰንን በዲሴምበር አስፈርሞ በመጀመሪያው ጨዋታ 167 ያርድ ሮጠለት፤ እስከ ሱፐር ቦውልም አብሮት ደረሰ።

የዋሽንግተን ደጋፊም ቲሚ ስሚዝን ይጠቅሳል። በ1987 መደበኛ ውድድር 126 ያርድ ብቻ የሮጠው ይህ ጀማሪ፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 1988 በሱፐር ቦውል ዴንቨር ላይ 204 ያርድ ሮጦ ለአሥርት ዓመታት የቆየ ክብረ ወሰን አስመዘገበ።

ነገር ግን እነዚህን ታሪኮች ጠጋ ብለን እንያቸው። አንደርሰን ከመንገድ ቢመጣም እንግዳ አልነበረም፤ ቀደም ሲል ከዴንቨር ጋር ሱፐር ቦውል ያሸነፈ ሰው ነው። ስሚዝ ደግሞ ከፊቱ በሊጉ ታሪክ ስማቸው የሚጠራ መንገድ ከፋቾች ነበሩት፤ ራሱ ግን ከዚያች ሌሊት በኋላ በሊጉ ብዙ አልቆየም። አንድ ሌሊት ዕቅድ ሊሆን አይችልም።

በተቃራኒው በ2021 ባልቲሞር የደረሰበትን እናስታውስ። ጄ ኬ ዶቢንስ፣ ጀስቲስ ሂልና ገስ ኤድዋርድስ ውድድሩ ሳይጀመር ተጎዱ። ቡድኑም ላታቪየስ መሬይን፣ ሌቪዮን ቤልንና ዴቮንታ ፍሪማንን በጥድፊያ ሰበሰበ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በዚያ ዓመት ኳርተርባኩም በመጎዳቱ ጥፋቱ የሯጮቹ ብቻ ባይሆንም፣ 8 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ከማጣሪያው ውጭ ቀረ።

ሳንፍራንሲስኮ ግን ከራሱ ተምሯል። በ2024 ክርስቲያን ማካፍሪ ሲጎዳ ጆርዳን ሜሰን በመክፈቻው ጨዋታ 147 ያርድ ሮጦ አዳነው፤ በኋላ ሜሰንም ራሱ ተጎዳ። በ2025 ሜሰንን ለሚኒሶታ ሲሰጥ ቦታውን ባዶ አልተወም። ዋሽንግተን ያልፈለገውን ሮቢንሰንን ወሰደ። ማካፍሪ በዚያ ዓመት 17ቱንም ጨዋታ ተጫወተ። "ታዲያ ሮቢንሰን ምን ጠቀመ?" የሚል ካለ፣ የዋናው ሯጭ ጉልበት እስከ መጨረሻው እንዲቆይ ሸክሙን የተጋራው ማን እንደሆነ ይጠይቅ።

እንግዲህ ለዋሽንግተን ኃላፊዎች ያለን ምክር አጭር ነው። ወጣቱን ያሳድጉት፤ ከጎኑ ግን ኳስ የማይጥል፣ ኳርተርባኩን የሚጠብቅ፣ ሲጠሩት ዝግጁ የሆነ አንድ የተፈተነ ሰው ያስቀምጡ። ያንን ሰው ደግሞ ሁሉም ጤነኛ በሆነበት በበጋው ልምምድ ይምረጡት። የዚያን ዕለት በ6ኛ ዙር ምርጫ የሚለወጥ ትርፍ ሰው መስሎ ቢታይም፣ ዋናው ሲወድቅ ግን በዚያ ዋጋ አይገኝም።

ቸር ይግጠመን።