«ብቻሽን ነሽ?»

በዚህ አገር ከቤቱ የሚወጣ ሰው ምክንያት ይጠየቃል። «ማን ሞተ?» «ማን ታመመ?» «ሠርግ አለ እንዴ?» «ስእለት ነው?» «መሥሪያ ቤት ነው የላከህ?» ከአምስቱ ለአንዱ መልስ ያለው መንገደኛ በሰላም ይሸኛል። «የለም፣ አገሬን ላየው ብዬ ነው» ያለ ግን ወይ ሥራ ፈት ነው፣ ወይ ገንዘብ የተረፈው ነው፣ ወይም የሚሸሸው ጉድ አለው። ይህን የምትለው ሴት ከሆነች ደግሞ አራተኛ ግምት ይታከላል፤ እሱን አንባቢ ስለሚያውቀው እዚህ አልጽፈውም።

እኔ የምለው አጭር ነው። በገዛ አገር፣ በትንሽ ገንዘብ፣ ብቻን መጓዝ ቅንጦት አይደለም፤ አገሬ ነው የሚል ሰው ሊፈጽመው የሚገባ ግዴታ ነው። ብዙዎቻችንን ያሰረንም ከኪሳችን መሳሳት ይልቅ ልማዳችን ነው።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚለው ክርክር ይቅደም። ለዕለት ጉርሱ ከጠዋት እስከ ማታ የሚባትለውን ወገኔን «ሂድና አገር እይ» ብለው ድፍረት ይሆንብኛል፤ ይህ ጽሑፍ ለእሱ አይደለም። የምናገረው ለእኔ ቢጤ ነው፤ ወር ጠብቆ ደመወዝ ለሚቀበለው ወይም እንደኔ የጽሑፍ ክፍያ እየለቃቀመ ለሚኖረው፣ ቅዳሜ ሲደርስ ግን ሥጋ ቤት ተቀምጦ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» ለሚለው። የአንድ ቅዳሜ የቁርጥና የቢራ ሒሳብ ጢያን አሳይቶ ይመልሳል። አስልቼ የተናገርኩት ነው፤ ሄጄበታለሁም።

ጢያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በቡታጅራ መንገድ ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ 36 ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ ሰይፍና እስከ ዛሬ በቅጡ ያልተፈቱ ምልክቶች ይታዩባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ቁፋሮው ሥፍራው መቃብር መሆኑን አሳይቷል። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ የቆሙት ግን ከግራኝ ዘመን አስቀድሞ ነው። ወደዚያ ሲኬድ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አዋሽን ሲሻገሩ መልካ ቁንጡሬ አለ፤ የቀደሙት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሥፍራ ነው። ይህ ሁሉ ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት የሚገባበት መንገድ ነው! የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋቾችን ከነተቀያሪዎቻቸው በቃሉ ከሚያውቀው የከተማችን ጎረምሳ ስንቱ ጢያን አይቷል? ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይባል የለም?

እቅዱም ረቂቅ ጥበብ አይጠይቅም። ያለውን ገንዘብ አራት ቦታ መክፈል ነው፤ አንዱ ለመኪና፣ አንዱ ለአልጋ፣ አንዱ ለምግብና ለመግቢያ፣ አራተኛው የመመለሻ ሆኖ ካልሲ ውስጥም ቢሆን ተለይቶ የሚቀመጥና የማይነካ። በበዓል ዋዜማ አለመነሣት ነው፤ ታሪፍ የሚረሳበት ቀን ነውና። ከተቻለ ከገበያ ቀን ጋር ማገጣጠም ይበጃል፤ መኪናም ሰውም ይበዛል። በማለዳ መውጣትና የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ከመውረድ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። በማያውቁት ከተማ እየመሸ መግባት ለኪስም ለነፍስም አይሆንም። ምግብ ሾፌሮች ከሚበሉበት ቤት መብላት ነው፤ ሽሮው ትኩስ ነው፣ ወሬውም ትኩስ ነው። መታወቂያ አይረሳም፤ የመግቢያ ዋጋ ለአገር ሰው ከውጭ ጎብኚ ያነሰ ነው። ለአንድ የቤት ሰው ደግሞ የት እንደሚደርሱና የት እንደሚያድሩ ተናግሮ መውጣት ነው። በቃ፣ እቅዱ ይኸው ነው።

«ታዲያ ለምን ብቻሽን? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚሉኝ አሉ። አንበሳ ልናስር ከሆነ እንተባበር። አገር ለማየት ግን ተባብረን ስንወጣ ቤታችንን ተሸክመን እንወጣለን። አውቶቡሱን የራሳችን ዘፈን፣ የራሳችን ቀልድ፣ የራሳችን ምግብ ይሞላዋል፤ ወርደን ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ የአካባቢውን ሰው ግን «መጸዳጃ የት ነው?» ከማለት ያለፈ አንጠይቀውም። ብቻውን የሄደ ሰው መጠየቅ ግድ ይለዋል።

ጢያ በሄድኩ ዕለት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «ብቻሽን ነሽ ልጄ?» አሉኝ። «አዎ እማማ» ከማለቴ ተረከቡኝ። ለሾፌሩ የት እንደሚያወርደኝ ነገሩልኝ፤ የመመለሻውን ሰዓት አስጠኑኝ፤ መሽቶ መኪና ባጣ የማን ቤት እንደምሄድ ሳይቀር ነገሩኝ። ከአምስት ጓደኞቼ ጋር ብሆን ኖሮ እኚህ ሴት አንዲት ቃል አይናገሩኝም ነበር።

«ይህ የፈረንጅ ጠባይ ነው» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። የቆሎ ተማሪው ፈረንጅ ነበርን? ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ አምስት ሣንቲም ሳይዝ ከደብር ደብር፣ ከአገር አገር የዞረው ማን ነው? ሲመሽበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ የቆመበትን ደጅ ያስከፈተው ማን ነው? በርካሽ ብቻን መዞር ከኛ የወጣ ነገር ነው፤ የጣልነው እኛው ነን። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጋ ወጣት ገጠር ሲወርድ አገሩን በትእዛዝ አየ። በፈቃዳችን ለማየት ምነው እንዲህ ከበደን?

ከሁሉ የከበደው ክርክር «መንገዱስ?» የሚለው ነው፤ አላቃልለውም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት፣ በኦሮሚያ መንገዶች ላይ የተሰማው እገታ ጉዞን የሕይወት ጉዳይ አድርጎታል። ስለዚህ የእቅዱ የመጀመሪያ መስመር ከገንዘብ በፊት ደኅንነት ነው። ትናንት በዚያ መንገድ የመጣ ሾፌር ይጠየቅ፤ «አይሆንም» ካለ ይቀራል። ጀብዱ አልሰብክም። ግን ልጠይቅ፤ መንገዱ ክፍት በነበረባቸው ዓመታትስ የት ነበርን? ፊቱን አይተነው ስለማናውቀው ሕዝብ ካርታ ዘርግተን ስንሟገት፣ «እነሱ እኮ» እያልን ስንፈርድ፣ ስንቶቻችን ቆጯቸውን ቀምሰናል፣ ሚኒባሳቸው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል? ሰውን በወሬ ብቻ ማወቅ ምን እንዳስከተለብን አይተናል።

ደጁን የሚዘጉትም ከወቀሳ አያመልጡም። በሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ዘመን የወጣው «የ13 ወር ፀጋ»ም ሆነ በ2008 ዓ.ም. የተተካው «ምድረ ቀደምት» የተጻፉት ከባሕር ማዶ ለሚመጣው እንግዳ ነው፤ ለአገሩ ልጅ ማን መፈክር ጻፈለት? በሌላ ጉዞዬ ስሟን በማልጠራት ከተማ አንድ ፔንሲዮን ገባሁ። እንግዳ ተቀባዩ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። «አዎ» ስለው «አልጋ የለም» አለ። የቁልፎቹ ሰሌዳ ከጀርባው ሙሉ ነበር! እኚያ እናት ሲጠይቁኝ ደጅ የከፈተልኝ ቃል ይኸው ነው፤ እሱ ግን ዘጋበት። ከሁለቱ የትኛው የአገሬ ባህል እንደሆነ ባለፔንሲዮኖች ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ብቻዋን የመጣች ሴትም ሒሳብ ትከፍላለች።

እስቲ አንባቢ፣ ከምትኖርበት በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያላየኸውን አንድ ቦታ ስም ጥራ። መንገዱን ጠይቅ፤ ሰላም ከሆነ የሚመጣውን ቅዳሜ ከሥጋ ቤቱ ቀማው።

እናቴ ዛሬም ቦርሳዬን ሳነሣ «ብቻሽን ነሽ?» ትለኛለች። ስመለስ ግን በር ላይ ቆማ አዲስ ጥያቄ ታስከትላለች፤ «እዚያስ ምን ይበላሉ?»