ውሉ በወረቀት ይሁን
በቢቸናና በሞጣ ግቢው ውስጥ አንድ ሁለት ክፍል ለሚያከራይ ሰው፣ ተከራዩ ብዙ ጊዜ ከገጠር ስንቁን ተሸክሞ የመጣ ተማሪ ነው፤ ውሉም በቃል ያልቃል። ጠብ የሚነሳው በኋላ፣ በጋራ ቆጣሪው ሒሳብ ነው፤ ምጣድ የሚጥደውም አምፖል ብቻ የሚያበራውም እኩል ክፈሉ ሲባሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልል ከተሞች ተፈጻሚነቱ በክልሉ ውሳኔ ቢሆንም፣ አከራዩ ውል ለመጻፍ ያን መጠበቅ የለበትም። የመብራቱ ድርሻ፣ የቁልፉ ብዛት፣ የግድግዳው ስንጥቅ ሳይቀር ይስፈር። ተከራዩ ለአካለ መጠን ካልደረሰ ወላጁ ለገበያ ሲመጣ ይፈርም፤ የመክፈያው ቀንም ገበሬው እህሉን ከሚሸጥበት ጊዜ ጋር ቢገጥም ለሁለቱም ይበጃል።