ቀለሁን የሞላውን ማን አመሰገነው?

በጎንደር ምድር ዝሆን ወይም ጎሽ የጣለ አዳኝ ምን ያህል ይከበር እንደነበር ከአባቶቻችን ያልሰማን የለንም። ይፎከርለታል፤ ይዘፈንለታል፤ በድግስ ላይ ከፍ ያለ ቦታ ይሰጠዋል። ጠመንጃውን የጠገነለት፣ የተተኮሰውን ቀለህ ባሩድና አረር መልሶ የሞላለት ባለሙያ ግን ስሙ በፉከራው ውስጥ አይገኝም። ይህ ዝምታ ለሳይንስ ዕውቀታችን ያስከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም ብለን እናምናለን።

ነገሩን ከጥይቱ እንጀምር። ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ቀለሁ፣ ባሩዱ፣ በቀለሁ መቀመጫ ላይ ያለችው ማቀጣጠያና ከፊት የሚሰካው አረር ናቸው። ባሩዱ ሲቀጣጠል በቅጽበት ትኩስ ጋዝ ይፈጥርና አረሩን በአፈሙዙ በኩል ይገፋዋል። ቀለሁ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ከሆነው ናስ የተሠራ በመሆኑ በግፊቱ ተለጥጦ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ ያሽጋል፤ ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ጥቂት ይሰበሰባል። ቀለህ ተመልሶ ሊሞላ የሚችለውም በዚሁ ባሕርዩ ምክንያት ነው።

አያቶቻችን ውጅግራ ያሉት ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳዮቹ ፊዚል ግራ ነው። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት በወገን ጦር እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ እርሱ ነበር፤ ጥይቱም በአገሪቱ ገበያዎች እንደ ዝርዝር ገንዘብ እስከማገልገል ደርሷል። አረሩ 25 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ይወነጨፋል። በክፍል ውስጥ በተማርነው ቀመር ብናሰላው የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 2500 ጁል ያህል ይሆናል። የሚሞላበት ጥቁር ባሩድ ከከሰል፣ ከድኝና ከፖታሲየም ናይትሬት የሚዘጋጅ በመሆኑ በአገር ውስጥ ሊሠራ ይችል ነበር። ባለሙያው ቀለሁን በልምድና በዓይን ግምት ሞልቶ ይመልስ የነበረውም ስለዚህ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ዝነኛ የአደን ጥይት እናነጻጽር። እ.ኤ.አ. በ1912 የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ለትልልቅ አራዊት አደን 375 ማግነም የተባለውን ጥይት አወጣ። ማግነም በላቲን ትልቅ ማለት ነው። 19 ግራም ያህል የሚመዝን አረሩ በሴኮንድ 760 ሜትር ገደማ ሲወነጨፍ ጉልበቱ ወደ 5600 ጁል ይጠጋል፤ ይኸውም ከውጅግራው እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። የዚህ ልዩነት ዋና ምንጭ ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 የሠራው ዓይነት ጭስ አልባ ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጠጣር ዝቃጭና ጭስ ሆኖ ይቀራል። ጭስ አልባው ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጋዝነት ይለወጣል። ከዚህም በላይ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር አነዳደዱ ይፈጥናል፤ አነዳደዱ በፈጠነ ቁጥርም ግፊቱ ይብስ ይጨምራል። ለማግነሙ የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 4300 ባር ሲሆን፣ ይህም በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው 2000 ጊዜ ገደማ ይበልጣል።

በሌላው ዓለም ቀለሁን በቤቱ የሚሞላ አዳኝ የታተመ ሠንጠረዥ ከፊቱ ዘርግቶ፣ ሰባት ሚሊ ግራም ያህል በሚለይ ሚዛን መዝኖ፣ የሠራውን ሁሉ በደብተር መዝግቦ ነው። ጭስ አልባ ባሩድ እንደ ጥቁሩ በዓይን ተለክቶ ቢሞላ ጠመንጃው ይፈነዳል፤ ዓይንንና ጣትን ይዞ ይሄዳል። ስለሆነም ማንም እንዲሞክረው አንመክርም። የምንጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ የእኛ ባለሙያ ከዓይን ወደ ሚዛን ሳይሻገር የቀረው ለምንድን ነው?

ችሎታ አላጣንም። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ዋልድማየር ያሉትን አውሮፓውያን ባለ እጆች ሰብስበው፣ የአገር ልጆችም ከእነርሱ ጋር እየሠሩ፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተቀልጦ ተሠርቷል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲያልፉ ግን ሥራው ተበተነ። ወጣቱ ሙያውን እንዳይወርስ ያደረገው ደግሞ ንቀት ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ቡዳ ተባለ፤ ገበሬው ልጁን አይድርለትም ነበር። የተናቀ ሰው ዕውቀቱን በቤተሰቡ ውስጥ ደብቆ ይይዛል፤ ብራና የሚጽፈው ሊቅም ስለ ምድጃው አይጠይቀውም። ባለሙያው ሳይጽፍ፣ ጸሐፊውም እጁን ሳያቆሽሽ ዘመናት አለፉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም።

አንዳንዶች የጠመንጃ ሙያ ሰው ገዳይ ስለሆነ ቢረሳ ይሻላል ይሉ ይሆናል። ሐሳባቸውን እናከብራለን፤ ይሁን እንጂ ያው እጅ ማረሻና ማጭድም ሠርቷል። ከሙያው ጋር አብሮ የሚረሳው ብረትን በቀለሙ አይቶ ሙቀቱን የመለየት፣ ከሰልን በእንጨቱ ዓይነት የመምረጥ ጥበብ ነው፤ እርሱም ንጹሕ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ነው። ይህ ንቀት ዛሬም መልኩን ለውጦ በመካከላችን አለ። ቀመር በቃሉ የሚወጣውን ተማሪ እናደንቃለን፤ በቤተ ሙከራ መሣሪያ የሚጠግነውን ግን ከእርሱ በታች እናያለን።

በእኛ አስተያየት መፍትሔው ከተማሪዎች ሊጀምር ይችላል። በመጪው ክረምት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ፣ ከይፋግ እስከ ደብረ ታቦር ባለው አገር ማረሻ ከሚያሹት ቀጥቃጮች ዘንድ ደብተርና ቴርሞሜትር ይዛችሁ ሂዱ። በአክብሮት ጠይቁ፤ ለኩ፤ መዝግቡ፤ የነገራችሁንም ሰው ስሙን በፈቃዱ ጻፉ። ዕውቀት በሚዛን የሚጠራው መጀመሪያ ባለቤቱ ሲከበር ነውና።